የዘጠና ቀን ደንብ

ሰኞ፣ 3

ዛሬ የክብር ጥሪው ደረሰኝ። በዓለም አቀፍ የትምህርት ልውውጥ ለሰጠሁት የዕድሜ ልክ አመራር ሽልማት እንድቀበል፣ በሚመጣው ወር በስድስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት፣ በትልቁ አዳራሽ እንድገኝ ይላል። ሁለት ስህተት አግኝቼበት በቀይ አርሜ መልሼዋለሁ። የሚሸልሙኝ ሰዎች ቢያንስ አንብበው ይፈርሙ።

የፈረመው አንደኛ ነው። አንደኛ የምለው የእህቴን ልጅ ባል ነው። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ለልውውጥ ሲፈተን ከሁለት መቶ ልጆች አንደኛ ስለ ወጣ ስሙ ያው ሆኖ ቀረ። ባሕር ማዶ የላክሁት እኔ ነኝ። አሁን እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት የመራሁትን ቢሮ እሱ ይመራዋል። የእህቴን ልጅ ደግሞ እናቷ ስትሞት በአራት ዓመቷ ወስጄ ያሳደግሁ እኔ ነኝ። ሁለቱ ሲጋቡ ሥራዬ ሁሉ አንድ ላይ የተሰበሰበልኝ መስሎኝ ነበር።

ዛሬ ከተጋቡ ሃምሳ አራተኛ ቀናቸው ነው። ቤቱን ከሁለት ከፍለን እነሱ ከግድግዳው ወዲያ፣ እኔ ወዲህ ነን። ዕቃ ሲያዛውሩ ይሰማኛል። አዲስ ተጋቢዎች የቁም ሣጥንና የአልጋ ቦታ ቶሎ አይወስኑም።

 

ሐሙስ፣ 6

ልጅቱ፣ የእህቴ ልጅ፣ ከሰዓት በኋላ መጣች። ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከንፈሯ አብጧል። ሳልጠይቃት በር መታኝ አለች። ቀጥላም፣ "እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት" አለችኝ።

ስንተኛ ቀንሽ ነው አልኋት። አላሰበችም፤ ሃምሳ ሰባት አለች። እሷም ትቆጥራለች ማለት ነው።

ደንቡን ታውቀዋለች፤ በቤቴ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ሥራ በገባሁ በአራተኛው ዓመት ያወጣሁት ነው። ወደ ሌላ አገር ለሚሄድ ተማሪ ሁሉ ለስሞታ የሚሆን ቡናማ ፖስታ እንሰጠዋለን። በመጀመሪያው ዘጠና ቀን የሚላክ ቡናማ ፖስታ ግን አይከፈትም። የደረሰበት ቀን ይመታበትና በተማሪው ሣጥን ይቀመጣል። በዚያ ጊዜ የሚጽፈው ልጁ አይደለም፤ ናፍቆቱ ነው። ክፍሉ ቀዘቀዘኝ፣ የቤቱ እመቤት ተቆጣችኝ፣ ወደ አገሬ መልሱኝ ይላል። ዘጠናው ሲሞላ፣ ይከፈት ወይስ ይቅር ብለን እንጠይቀዋለን። ከመቶ ዘጠና ስድስቱ ይቅር ይላሉ። ሲመለሱ በአቀባበሉ ሻይ ላይ ፖስታቸውን እንሰጣቸዋለን፤ ራሳቸው ከፍተው ጮክ ብለው ሲያነቡት ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ስድስት አገሮች ደንባችንን ቀድተውታል።

ስለዚህ፣ ዘጠናሽ ሲሞላ ነይና እንነጋገራለን አልኋት። በለሰለሰ ድምፅ ነው ያልኩት። እሺ እትዬ ብላ ተነሣች።

መሀረቧን ረስታ ሄዳለች። ደም ነበረበት። በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፌ፣ አጥቤ፣ ተኩሼ አጣጠፍሁት።

እሑድ፣ 9

ዕቃ ማዛወር፤ ዛሬ ከምሳ በፊት። ከባድ ነገር ሁለት ጊዜ ግድግዳውን መታ። በእኔ በኩል የተሰቀለው ካርታ ተንጋደደ። ቀጥሎ የሴት ድምፅ። ሬዲዮ ከፈትኩ። ስለ ወንዞች ሙላት ያወሩ ነበር።

ካርታውን አቃናሁት።

ማክሰኞ፣ 11

አንደኛ የሕይወት ታሪኬን ለንግግሩ ሊጽፍ መጣ። ኮቱን አውልቆ፣ እግሩን ገጥሞ ተቀመጠ። እንዲህ ያለ ሥርዓት ከዛሬ ልጆች አይገኝም። የትምህርት ቤት ዘመኔን ጠየቀኝ። ስለ ዋና መምህርታችን ነገርሁት። መስመር የሳተ ጽሕፈት ስታይ የብረት ማስመሪያውን አግድም ሳይሆን በስለቱ ጣታችን ላይ ታሳርፈው ነበር። አንድ ቀን የመሐል ጣቴ ጥፍር ተነቅሎ ደብተሩ ላይ ቀረ። ገጹ ተበላሸ ብላ ደገመችኝ። በሌላኛው እጄ ጽፌ ጨረስሁ። እስከ ዛሬ ጽሕፈቴ መስመር አይስትም።

ይህን ሁሉ ጻፈው። እኔም ይጻፍ አልሁ።

የቀኝ እጁ አንጓዎች ተልጠዋል። የመኪና ጎማ ሲቀይር ነው አለ። አዮዲን አምጥቼ ቀባሁለት። ሳይንቀሳቀስ ቻለው።

ሊወጣ ሲል፣ "እማማ፣ ለዘጠና ቀኑ ደንብ ሰፊ ቦታ እሰጠዋለሁ። እኔን ሰው ያደረገኝ እሱ ነው" አለኝ።

ደስ አለኝ። ደስ እንዳለኝ መካድ አልችልም።

ቅዳሜ፣ 15

ለሽልማቱ ቀን የሚሆነኝን ቀሚስ ለመለካት ከመንገዱ ማዶ ወዳለችው ልብስ ሰፊ ሄድሁ። አፏ እንደ መርፌዋ ነው። ወገቤን እየለካች፣ ልጅዎም ለዚያ ቀን ቀሚስ አዝዛኛለች፤ በዚህ ወበቅ እጅጌው እስከ ጣት፣ አንገቱ እስከ አገጭ ይሁን አለችኝ አለች። ጨዋ ናት አልኋት።

ልብስ ሰፊዋ መርፌዎቹን ከአፏ አወጣች።

"ጨዋ ስትለካ ትጮሃለች እንዴ እትዬ? ጎኗን በሜትር ብነካት እዚሁ ቁጢጥ አለች። እርስዎ ባሕር ማዶ ያለውን የሰው ልጅ ሁሉ ሲጠብቁ ኖረው፣ ለጓዳዎ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላሉ?"

በባልና ሚስት መካከል አይገባም አልኋት። አዎ፣ ገብቶ የሚወጣው ሬሳ አንሺ ብቻ ነው ብላኝ መርፌዎቹን መልሳ ጎረሰች።

ቀሚሱን ሌላ ዘንድ ልወስደው አስቤ ነበር። ግን ሥራዋ ንጹሕ ነው። ተውሁት።

ሰኞ፣ 17

ቸኩያለሁ። የተጋባዦች ዝርዝር። ወንበር ሁለት መቶ። የውጭ እንግዶች በፊት ረድፍ። ልጅቱ ግራ እጇን በጨርቅ አንጠልጥላለች። ከደረጃ ወደቅሁ አለች።

ቤታችን ደረጃ የለውም። የቢሮው ይሆናል።

ዓርብ፣ 21

ቢሮ ሄድሁ። አዳራሹ መግቢያ ላይ ለእይታ የሚቀመጥ የቆየ ነገር ፈልጉ ተብሎ የማኅደሩ ክፍል ተከፍቶልኝ ነበር። ሣጥኖቹ በዓመት፣ በዓመቱ ውስጥ በተማሪ፣ ልክ እንደ ተውኋቸው ናቸው። አቧራ እንኳን ሥርዓት ይዞ ነው የተቀመጠው።

በእህቴ ልጅ ባል፣ በአንደኛ፣ ሣጥን ውስጥ ሦስት ቡናማ ፖስታ አለ። በአሥራ አንደኛው ቀን የደረሰ፣ በሠላሳኛው፣ በስድሳ ሁለተኛው። ሦስቱም አልተከፈቱም። ዘጠናው ሲሞላ ጠይቀነው "ይቅር" ብሎ የመለሰበት ወረቀትም አብሮ አለ። አንዲት ቃል ናት። በአቀባበሉ ሻይ ላይ ያደረገውን አሁን አስታወስሁ። ፖስታዎቹን ሰጠሁት፤ ሌሎቹ እያነበቡ ሲሳሳቁ እሱ ከስኒው አጠገብ አስቀምጧቸው ወጣ። ዓይን አፋር ነው ብዬ መልሼ ወደ ሣጥኑ ከተትኋቸው።

በቦርሳዬ ይዣቸው መጣሁ። ያለ ፊርማ ከማኅደር ወረቀት ሳወጣ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው።

ቅዳሜ፣ 22

ከፈትኋቸው።

የመጀመሪያው ሁለት ገጽ ነው። ጽሕፈቱ መስመር አይስትም። "ክብርት ዳይሬክተር ሆይ፣ ይህን የምጽፈው ናፍቆኝ አይደለም" ብሎ ይጀምራል። ያሳደረው ቤት አባወራ በቀበቶ ይመታዋል፤ ከዘለበቱ በኩል። ሲመታው እንዲቆጥር ያደርገዋል። ቁጥር ከሳተ እንደገና ከአንድ ይጀመራል። ሁለተኛው አንድ ገጽ ነው። ቁጥሩ አሁን በእነሱ ቋንቋ ነው፤ የቋንቋ ትምህርቴ ተሻሽሏል ይላል። ቀልድ ይሁን አይሁን አላወቅሁም። ሦስተኛው አራት መስመር ብቻ ነው። "ሽንቴ ደም ሆኗል። ደንቡ ይገባኛል። ግን ከዘጠና ቀን በፊት የሚሞት ሰው ካለ ምን ይደረጋል? መልስዎን በትሕትና እጠብቃለሁ።"

ሦስቱንም ሁለት ሁለት ጊዜ አነበብኋቸው። ስህተት ፈለግሁባቸው። የለም።

ከግድግዳው ወዲያ ዛሬ ጸጥ ብሏል። ጸጥታው ከሌላው ቀን የተሻለ አይደለም።

ይህን ልጽፈው፦ ካርታው የተንጋደደ እሑድ ዕለት ከሴቲቱ ድምፅ በፊት የወንድ ድምፅ ሰምቻለሁ። ዝግ ያለ፣ እንደ አስተማሪ። ቁጥር እየጠራ ነበር። ያን ቀን ወንበር እየቆጠረ ነው ብዬ ነበር።

ረቡዕ፣ 26

ነገርሁት። ፖስታዎቹን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ፣ ከፍቼ አንብቤአቸዋለሁ አልሁት። ስላልከፈትኋቸው ይቅርታ ልጠይቀው፣ ቀጥዬም ስለ ልጅቱ ልናገር አዘጋጅቼ ነበር። በወረቀት ጽፌዋለሁ፤ ሦስት ነጥብ።

አልቀመጠም። ፖስታዎቹን አንድ ባንድ አገላበጣቸው። ከዚያ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ብሎኝ የማያውቀውን፣ አንቺ አለኝ።

"ማን ክፈቺ አለሽ?"

 አልጮኸም። አጎንብሶ በጆሮዬ ነው የተናገረው። ዝም ስላልሽኝ ነው ሰው የሆንሁት አለ። እሷም ሰው ትሆናለች አለ። በበዓሉ ቀን በፊት ረድፍ የሚቀመጡት የውጭ ሰዎች ለአርባ ልጆች የጉዞ ፈቃድ ሊፈርሙ ነው የሚመጡት፤ አንዲት ቃል ብትወጣ አርባው ቀሩ፤ ያንቺም ስም አብሮ ቀረ አለ። ሲወጣ እንደ ወትሮው በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ፖስታዎቹን ወስዷቸዋል።

በእሱ ላይ የተደረገው እሱ ለሚያደርገው ማስተሰረያ አይሆንም። በአሥራ ስድስት ዓመቱ የተመታ ሁሉ ሚስቱን አይመታም። ይህን አውቃለሁ። የማላውቀው፣ ይህን ያህል ካወቅሁ ለምን እዚህ ተቀምጬ እንደምጽፍ ነው።

አርባ ልጆች። ዝርዝራቸውን አይቼዋለሁ። ጎበዞች ናቸው።

ሰኞ፣ 1

አምስት ቀን ቀረ። ቀሚሱ አልቋል። ንግግሬን ጻፍሁ፣ ሰረዝሁ፣ ጻፍሁ። ልጅቱ በግቢው ስታልፍ ጠራኋት። ዞር ብላ አየችኝና፣ ሰማንያ ሁለት ነው እትዬ፣ ገና ነው ብላኝ አለፈች። ሥነ ሥርዓት በያዘ ድምፅ። እንዳሳደግኋት።

ሐሙስ፣ 4

ወንበር የሚጭኑት ሠራተኞች መኪናቸውን በሩ ላይ አቁመው ነበር። ጠዋት ነው። ከወዲያ በኩል ሳህን ሲሰበር፣ ሰው ሲጎተት፣ ከዚያም እሪታ ተሰማ። አንዱ ተሸካሚ ያነሣውን ወንበር አስቀመጠ። እኔ በመስኮት አጠገብ የስም ካርዶችን በፊደል ተራ እየደረደርሁ ነበር።

ጓደኛውን፣ "አሮጊቷ ደንቆሮ ናት እንዴ?" ሲለው ሰማሁ።

ያኛው፣ የእሷ ነው በዓሉ አለው።

ካርዶቹ ሁለት ጊዜ ተደባለቁብኝ።

ማክሰኞ፣ 9

ሆስፒታል ነኝ። ቀኝ ክንዴ በጀሶ ተጠቅልሏል፤ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። በግራዬ ነው የምጽፈው። ቅደም ተከተሉ እንዳይጠፋኝ ሁሉንም ላስፍረው።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አንድ እግሬን ጫማ አጥልቄ ሌላውን እፈልግ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ ልጅቱ "አልሄድም" አለች። በግልጽ። ሦስት ጊዜ። ፊት ረድፍ ላይ ተቀምጬ አላጨበጭብም አለች። ከዚያ ወንበር ወደቀ። ከዚያ ቆጠራው ተጀመረ።

በአንድ እግር ጫማ በግቢው ዞሬ ገባሁ። በሩ ለጭነት ተከፍቶ ነበር። ወለሉ ላይ፣ በጠረጴዛውና በግድግዳው መካከል አጣብቋት ነበር። ለበዓሉ የተሰፋው ቀሚስ ከጀርባው ተሰንጥቋል። ቀበቶው በዘለበቱ በኩል ነው። ሰባት እያለ ነበር። እሷ ቁጥሩን አልተቀበለችም፤ ጥርሷን ነክሳለች፤ ስለዚህ እንደገና አንድ አለ። ሆዷን በጫማው ረገጠው። እንደ ውሃ ከረጢት ያለ ድምፅ ነበረው።

ተው አልሁት። በልጅነቱ ፈተና ስሰጠው እጠቀምበት የነበረው ድምፅ ወጣልኝ። ቀና አለ፤ ለአንዲት ቅጽበት አሥራ ስድስት ዓመቱ ሆነ። ከዚያ መልሶ አነሣው። መሐል ገባሁ። ክንዴ ሲሰበር ሰማሁት፤ እንደ ደረቅ ጭራሮ ነው። ሕመሙ ዘግይቶ ነው የመጣው። የሸሚዙ መተኮሻ ካውያ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ትኩስ። በግራ እጄ አንሥቼ ቀበቶውን በያዘው እጁ ላይ አሳረፍሁት፤ እስኪለቅ ድረስ አላነሣሁትም። ሽታውን አሁንም ከአፍንጫዬ አላወጣሁትም። እንዲህ ያለ ነገር ማድረግ እንደምችል አላውቅም ነበር። ላውቀው ይገባ ነበር፤ ካወቅሁትም ከሰላሳ ቀን በፊት።

የቀሩትን ወንበሮች ሊጭኑ የመጡት ተሸካሚዎች ገቡ። ልብስ ሰፊዋ ክሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ መንገዱን አቋርጣ መጣች። በወንበር መኪናው ነው የወሰዱን። ልጅቱን በጀርባዋ ማስተኛት አልተቻለም።

እሱ እጁን በቀዝቃዛ ውሃ አጥቦ፣ በፋሻ ጠቅልሎ፣ በዘጠኝ ሰዓት አዳራሹ ተገኘ። እማማ በደረጃ ተንሸራተው ክንዳቸውን ተሰብረዋል ብሎ ተናገረ አሉ። ስለ ዘጠና ቀኑ ደንብ ሩብ ሰዓት ተናገረ። ሁለት መቶ ሰው ቆሞ አጨበጨበልኝ። የአርባዎቹ ፈቃድ ተፈረመ።

የቢሮው ቦርድ ሰብሳቢ ትናንት ሽልማቱን ይዛ መጣች። ስሜ በወርቅ ቀለም የተቀረጸበት መስተዋት ነው። ዐሥር ደቂቃ ስለ ክብር አወራችኝ፤ በመጨረሻም ጉዳዩ የቤተሰብ ስለሆነ በእርጋታ ይያዝ አለችኝ። የተናገረችው ሁሉ የእኔ ቃላት ነበሩ። እርጋታ። ጊዜ መስጠት። ከራሴ መመሪያ መጽሐፍ እየጠቀሰችልኝ እንደሆነ አላወቀችም። መልሰሽ ውሰጂው አልኋት። ከበድ ይላል ክንድሽን እንዳይጎዳሽ ብዬ አብሬ አከልሁ። ይህን ማለት አልነበረብኝም፤ ግን አልኩት።

ልጅቱ ከአጠገቤ ባለው አልጋ ናት። ጣፊያዋን አውጥተውታል። ሦስት የጎን አጥንት። በግራ ጆሮዋ ከእንግዲህ አትሰማም አሉ። ሦስት ቀን ሙሉ ሳትናገር ቆይታ ዛሬ ከሰዓት፣ ነርሷ እንደወጣች፣ ዓይኗን ከጣሪያው ሳትነቅል ጠራችኝ።

"እትዬ፣ ግድግዳው ስስ ነው። ይሰማዎት ነበር?"

ዕቃ ማዛወር የሚል ቃል እስከ ጥርሴ መጣ። እዚሁ ደብተር ውስጥ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ። ዋጥሁት።

"ሁሉንም" አልኋት።

 

"እሱ ድምፅሽን ዋጪ እያለ ነበር የሚመታኝ" አለች። "ብውጠው ቶሎ ይተወኝ ነበር። ይሰሙኛል ብዬ ነው ያልዋጥሁት።"

ከዚህ በኋላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። 

ወዲያው አንዲት ሴት ፖሊስ ገባች። ወጣት ናት፤ ወረቀቷን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ሁለታችንንም አየችን። ልጅቱ ገና መናገር የማይሆንላት ከሆነ ነገ ልመለስ እችላለሁ አለች። ባልየው ዛሬም ቢሮው ገብቷል፣ ክስ እስካልቀረበ ድረስ እዚያው ነው አለች።

ነገ አይሆንም አልሁ። ወንበሩን ወደ እኔ አልጋ እንድታስጠጋ ነገርኋት፤ መጀመሪያ የምትጽፊው ያየሁትን አይደለም፣ የሰማሁትን ነው አልኋት። ከመቼ ጀምሮ ብላ ጠየቀች።

ከመጀመሪያው ቀን ጀመርሁ።